«ወደ ሰሜን ሂዱ»
ከጫካ ወደ ጦር ሠፈር የገባው የሱዳን ደቡብ ዕዝ ታሪክ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ስለ ሱዳን ጦርነት ቡና በተፈላበት ሁሉ ብዙ ይወራል፤ ማን ከዳ፥ ማን ቀደመ፥ ማን ጠመንጃ አቀበለ ይባባላሉ። ይህ ጽሑፍ ግን ከብዙው ወሬ አንዱን ነገር ብቻ መዝዞ ያያል፤ እርሱም የታጠቀው ሰው ጉዳይ ነው። ጦርነት በእርቅ ሲያልቅ ፖለቲከኛው ወንበር ያገኛል፤ ስደተኛው ወደ መሬቱ ይመለሳል፤ ነጋዴው መንገዱ ይከፈትለታል። ጫካ የኖረው ተዋጊ ግን ወዴት ይግባ?

መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው፥ መሣሪያውን አስረክቦ ወደ ቤቱ መሄድ ነው። ሁለተኛው፥ እንደታጠቀ በራሱ አለቃ ሥር መኖር ነው፤ ይህ ሲሆን በአንድ አገር ሁለት መንግሥት ቆመ ማለት ነው። ሦስተኛው፥ ትናንት ሲተኩስበት በነበረው ሠራዊት ውስጥ ገብቶ፥ የዚያኑ መለዮ ለብሶ፥ ከዚያው መዝገብ ደመወዝ መቀበል ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1972 ሦስተኛውን መንገድ መረጠች። መንገዱ አሥራ አንድ ዓመት አስኬደና ተቆረጠ። ነገሩ እኛንም ይመለከታል፤ የተዋዋሉት በአዲስ አበባ ነበርና፤ ውሉ ሲፈርስም እሳቱ የዘለቀው እስከ ጋምቤላ ነበርና። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ፥ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የቶሪት ጥይት

ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነው። የመጀመሪያው ጥይት የተተኮሰው ግን ከዚያ በፊት፥ ኦገስት 18 ቀን 1955 (ነሐሴ 12 ቀን 1947 ዓ.ም.) በኢኳቶሪያ ክፍለ ሀገር በቶሪት ከተማ ነበር። በዚያ የሠፈረው የደቡብ ኮር የሚባለው ጦር በእንግሊዞች ዘመን ከደቡብ ተወላጆች የተመለመለ ነበር። እንግሊዞቹ መኮንኖች ሲለቁ ቦታቸውን የያዙት በአመዛኙ የሰሜን ሰዎች ሆኑ። ከጦሩ አንዱ የሻምበል ክፍል ወደ ካርቱም እንዲሄድ ታዘዘ። ወታደሮቹ «ከአገራችን አውጥተው ሊፈጁን ነው፤ በእኛም ፋንታ የሰሜን ጦር በሚስትና በልጆቻችን ላይ ሊሾም ነው» ብለው ጠረጠሩ። እምቢ አሉ። የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ሰብረው ተኮሱ፤ ዐመፁም በደቡብ ከተሞች ተዛመተ። በኋላ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር 336 ብሎ መዘገበ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ የሰሜን ተወላጆች ነበሩ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው። ምሕረት ይደረግልናል ብለው እጃቸውን ከሰጡት ዐማፅያን መካከል የተገደሉ አሉ። የቀሩት ወደ ጫካ ገቡ፤ ድንበርም ተሻገሩ።

አንባቢ ሆይ፥ ያቺን «ወደ ሰሜን ሂዱ» የምትል ትእዛዝ ልብ በል። ወደ ኋላ ሁለት ጊዜ እናገኛታለን።

ከ1963 ጀምሮ ሽምቁ ስም አገኘ፤ አንያንያ ተባለ። ቃሉ ከማዲ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የእባብ መርዝ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በኦምዱርማን የጦር ትምህርት ቤት የተመረቀው ወጣት መኮንን ጆሴፍ ላጉ የመንግሥቱን ጦር ትቶ ጫካ ገባ። መጀመሪያ ጦርና ቀስት፥ አሮጌም ጠመንጃ የነበረው ሽምቅ በስድሳዎቹ መጨረሻ ከእስራኤል በዩጋንዳ በኩል መሣሪያ ያገኝ ጀመር። ላጉም እርስ በርሱ ይጣላ የነበረውን ኀይል በ1970ና በ1971 በአንድ ዕዝ ሥር አሰባሰበው። ከ1955 እስከ 1972 በነበረው ጦርነት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

የአዲስ አበባው ሸንጎ

ጃዕፈር ኒሜሪ ሜይ 25 ቀን 1969 በካርቱም ሥልጣን ያዘ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፥ ጁን 9 ቀን፥ ለደቡብ የውስጥ አስተዳደር እንደሚፈቅድ አወጀ። በ1971 ከኮሚኒስቶቹ ጋር በደም ተለያይቶ ብቻውን ሲቀር ደግሞ የደቡብ እርቅ ይበልጥ አስፈለገው። የኢትዮጵያና የሱዳን መንግሥታትም እያንዳንዳቸው የሌላውን ሸፋች ሲያስጠጉ ከርመው ነበርና፥ በሁለቱም ወገን ነገሩን ማብረድ ይጠቅም ነበር። ይህን መሸሸግ አይገባም፤ አስታራቂ ሁሉ ከነጥቅሙ ነው።

የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትና የመላ አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ መንገዱን ጠረጉ። ሸንጎው በአዲስ አበባ ተቀመጠ። የመንግሥቱን መልእክተኞች የመራው ራሱ የደቡብ ተወላጅ የሆነው አቤል አሊየር ነበር፤ የነጻ አውጪዎቹን ኢዝቦኒ ሞንዲሪ መራ። ላይቤሪያዊው ቄስ በርጀስ ካር ሸንጎውን አወያየ። በቋንቋ፥ በግብር፥ በአስተዳደር ነገር እየተጨቃጨቁም ቢሆን ተግባቡ። ሊፈርስ የደረሰው በጦሩ ጉዳይ ነው።

ነጻ አውጪዎቹ «ደቡብ የራሱ ጦር ይኑረው፤ ቶሪትን አልረሳንም» አሉ። የመንግሥቱ ወገን «አንድ አገር፥ አንድ ሠራዊት» አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ጦር የሌለው የውስጥ አስተዳደር ወረቀት ነው፤ ሁለት ጦር ያለው አገር ደግሞ አገር አይደለም። ነገሩ ሲከር ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ገቡበት፤ እኩል በእኩል የሚለው መፍትሔም ጸና። በደቡብ የሚሠፍረው የሕዝብ ጦር ኀይሎች ደቡብ ዕዝ 12,000 ሰው ይኖረዋል፤ 6,000ው የደቡብ ተወላጅ፥ 6,000ው ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ይሆናል ተባለ። ስምምነቱ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1972 (የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም.) ተፈረመ፤ በማርች ወር ተኩስ ቆመ፥ ውሉም ጸደቀ።

ውሉ ጥበብ ነበረበት። ሁለቱ ጦሮች በአንድ ቀን ይቀላቀሉ አላለም፤ መጀመሪያ ለየብቻቸው ይስፈሩ፥ ከዚያም ቀስ በቀስ ይቀላቀሉ አለ። ምልመላውን ከሁለቱም ወገን እኩል ሦስት ሦስት ከፍተኛ መኮንኖች ያሉበት ኮሚሽን እንዲያካሂደው አደረገ። ለጊዜያዊው ሥርዓትም አምስት ዓመት ተሰጠው። ከአምስቱ ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ግን ሁለቱ ወገኖች በልባቸው የያዙት የተለያየ ነበር። የደቡቡ ሰው «ግማሹ ጦር ምንጊዜም የእኛ ሆኖ በአገራችን ይኖራል» ብሎ ፈረመ። የካርቱሙ ሰው «አምስት ዓመት ታግሠን እንደ ማንኛውም ወታደር ወደፈለግንበት እናዛውረዋለን» ብሎ ፈረመ።

ሁለት ሠራዊት በአንድ ሠፈር

የሆነ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። ላጉ በሱዳን ጦር ውስጥ የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ ተሰጠው። የዕዙ ዋና ሠፈር ጁባ ሆነ፤ ጦሩም ኋላ አንደኛ ክፍለ ጦር ተባለ። ከየጫካው የወጣው ሰው በየመሰብሰቢያው ተቆጠረ፥ ተመዘገበ፥ ለጤና ተመረመረ። ተዋጊው ከ6,000 ይበልጥ ስለነበር የቀረው ወደ ፖሊስ፥ ወደ ወኅኒ ጥበቃ፥ ወደ አራዊት ጥበቃና ወደ መንገድና ደን ሥራ ተመደበ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛም ከዩጋንዳ፥ ከዛየር፥ ከማዕከላዊ አፍሪካና ከኢትዮጵያ ተመልሶ ገባ። ስምምነቱን ዛሬ በከንቱ የሚያጣጥሉት ሰዎች ይህን ሊያስታውሱ ይገባል። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ተወልዶ ጥይት ሳይሰማ አደገ፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የጁባ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ለስደተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በጦር ሠፈሩ ውስጥ ግን ኑሮው ሌላ ነበር። መጀመሪያ የማዕረግ ነገር ነው። ጫካ ማዕረግ የሚሰጠው በጀግንነትና በተከታይ ብዛት ነው፤ መደበኛ ጦር ግን በትምህርትና በአገልግሎት ዘመን ይመዝናል። ትናንት በሺህ ሰው ያዘዘው ሽምቅ አለቃ ከወጣት የኦምዱርማን ምሩቅ በታች ሲቆም ሆዱ ሻከረ። ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው፤ ትእዛዝ በዐረብኛ ነው፥ ብዙዎቹ የአንያንያ መኮንኖች ደግሞ የተማሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው የደም ነገር ነው። አንዱ የሌላውን መንደር ያቃጠለ፥ ሌላው የአንዱን ወንድም በደፈጣ የገደለ፥ አሁን በአንድ ድስት ይበላሉ። በወረቀት ላይ 6,000ና 6,000 ሲደመር 12,000 ነው፤ በሰው ልብ ግን መደመሩ እንዲህ በቀላሉ አይሆንም።

ለዚህ ሁሉ ማለዘቢያ የሚሆነው ጊዜና የአለቆች ብልሃት ነበር። አንዳንዱ አለቃ ብልሃት ነበረው፤ ጊዜው ግን እያለቀ ሄደ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ

በ1975፥ ውሉ በተፈረመ በሦስተኛው ዓመት፥ በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ባለችው በአኮቦ የሠፈሩ የቀድሞ አንያንያዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ልትዛወሩ ነው፥ በቦታችሁም የሰሜን ጦር ሊገባ ነው የሚል ነገር ሰሙ። ዐመፁ። አዛዣቸው ኮሎኔል አቤል ቾል ተገደለ፤ እርሱም የደቡብ ሰው ነበር። ዐማፅያኑ ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ገቡ፤ ከነሱም ወገን ኋላ አንያንያ ሁለት የተባለው ሽምቅ ወጣ። በ1976 በዋው ከተማ ሻምበል አልፍሬድ አጉዌት ወታደሮቹን ይዞ ሸፈተ። በ1977 ደግሞ በጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ተኩስ ተነሣ።

እነዚህ ዐመፆች ተዳፈኑ። ያዳፈኗቸውም የካርቱም ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ የደቡቡ መሪ አቤል አሊየርና ራሱ ላጉም «ሰላሙን አታፍርሱብን» ብለው ለፍተዋል። ትምህርቱ ግን አልተወሰደም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፥ ቶሪትን ያየ ወታደር «ወደ ሰሜን ሂዱ» ሲባል የሚታየው ማሠልጠኛ ወይም ሹመት አልነበረም፤ ገደል ነበር። ለካርቱሙ የጦር መኮንን ግን ዝውውር ማለት ተራ የመዝገብ ሥራ ነው፤ ወታደር ዛሬ በዚህ፥ ነገ በዚያ ይሠፍራል። አንዲቱ ቃል ለአንዱ የቢሮ ሥራ፥ ለሌላው የሞት ጥሪ ሆነች።

አምስቱ ዓመት በ1977 ሞላ። በዚያው ዓመት ኒሜሪ ስምምነቱን አጥብቀው ይቃወሙ ከነበሩት ከሰሜን ባላንጣዎቹ፥ ከሳዲቅ አል ማህዲ ወገን ጋር ታረቀ። ከዚያም በደቡብና በሰሜን መጋጠሚያ በቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ ዘይት ተገኘ፤ የጆንግሌይ ቦይ ቁፋሮም ተጀመረ። የደቡብ ጦር ከነዳጁ አጠገብ መኖሩ በካርቱም ዓይን አዲስ አደጋ ሆነ። የደቡብ ሰዎችም አንድ አልነበሩም፤ ደቡብ በሦስት ይከፈል የሚሉና አይከፈልም የሚሉ ተባሉ፤ ጆሴፍ ላጉ ራሱ መከፈሉን ደገፈ።

ቦር፥ ግንቦት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

በዚህ መካከል በቦር የሠፈረው 105ኛው ሻለቃ ጦር ወደ ሰሜን እንዲዛወር ታዘዘ። ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ወታደሮቹ ከነቤተሰባቸው በዚያው የኖሩ፥ ትዳር የመሠረቱ ነበሩና እምቢ አሉ። በላዩም የደመወዝ ጠብ ተጨመረ፤ ክፍያቸው ተያዘ። ሜይ 16 ቀን 1983 መንግሥት ጦር ላከባቸው። ሻለቃ ኬሩቢኖ ኩዋንዪን ቦል ወታደሮቹን አዋግቶ ወደ ኢትዮጵያ አቅጣጫ ይዟቸው ወጣ። በጁን ወር ዊልያም ንዩዎን ባኒ በአዮድ የነበረውን የ104ኛውን ጦር ይዞ ተከተለ። ሁለቱም የቀድሞ አንያንያዎች ናቸው።

በዚያው ሰሞን በቦር አንድ ኮሎኔል ነበር፤ ዶክተር ጆን ጋራንግ። በ1972 የአንያንያ ወጣት መኮንን ሳለ የአዲስ አበባውን ውል በጥርጣሬ አይቶ ነበር፤ ቢሆንም ወደ ጦሩ ገባ፤ ወደ አሜሪካ ተልኮ በዶክትሬት ተመርቆ ተመለሰ፤ በካርቱምም ሠራ። ውህደቱ አፈራ ከሚባልላቸው ሰዎች ዋናው እርሱ ነበር። እርሱም ወጣ። በኢትዮጵያ ምድር የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ጦር ተመሠረተ። ኒሜሪ ጁን 5 ቀን 1983 ደቡብን በሦስት ከፍሎ በትእዛዝ ውሉን አፈረሰ፤ በሴፕቴምበር የሸሪዓን ሕግ በአገሪቱ ላይ አወጀ። ሁለተኛው ጦርነት ሃያ ሁለት ዓመት ቆየ፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። በኢታንግና በሌሎች የጋምቤላ ሠፈሮች በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛ ተከማቸ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ሰሞን ተነቅሎ በዝናብና በረኀብ ወደ ወጣበት ምድር ተመለሰ። በዚያው ወራት የፈረሰው የኢትዮጵያ ጦር ወታደር በከሰላ በኩል ወደ ሱዳን ይገባ ነበር። ድንበሩን በሁለቱም አቅጣጫ የሚያቋርጠው የፈረሰ ሠራዊትና ስደተኛ ነበር።

ደግሞ ሙከራ

ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 በኬንያ ሌላ ታላቅ ስምምነት ተፈረመ። ካለፈው ተምረናል አሉ። በዚህኛው ውል የደቡቡ ጦር አልፈረሰም፤ የራሱን ዕዝ ይዞ ቀረ፤ በጎኑ ግን ከሁለቱም እኩል የተውጣጣ 39,000 ሰው ያለው የጋራ ጦር ተቋቋመ። 24,000ው በደቡብ፥ 6,000ው በኑባ ተራሮች፥ 6,000ው በብሉ ናይል፥ 3,000ው በካርቱም እንዲሠፍር ተባለ። በካርቱም ጎዳና ትናንት ወንበዴ ይባል የነበረው ወታደር በመንግሥት ስምምነት ታጥቆ ታየ።

ይህም አልሠመረም። ስሙ የጋራ ጦር ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ወገኖች በየሠፈራቸው፥ በየአዛዣቸው ኖሩ። ጠብ በተነሣ ቁጥር እያንዳንዱ ወደ ወገኑ ተመለሰ፤ በማላካል በ2006ና በ2009፥ በአብዬ በ2008 እርስ በርሳቸው ተዋጉ። ደቡብ ሱዳን በጁላይ 2011 ነጻ ልትወጣ አንድ ወር ሲቀራት በካዱግሊ የኑባ ተዋጊዎች መሣሪያ አስረክቡ ሲባሉ ጦርነቱ እንደ ገና ነደደ።

ካርቱም ራሷ እሳቱን የቀመሰችው ኋላ ነው። ፈጥኖ ደራሽ የተባለው ጦር ከሸፋች ወገን የመጣ አይደለም፤ መንግሥት ራሱ በዳርፉር ካስታጠቃቸው ሚሊሺያዎች የወጣ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ያው ነበር። ይህ ጦር ወደ መደበኛው ሠራዊት የሚገባው በስንት ዓመት ነው? በማንስ ዕዝ ሥር ነው? የሠራዊቱ አለቆች ሁለት ዓመት አሉ፤ የፈጥኖ ደራሹ ወገን አሥር ዓመት አለ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጭቅጭቁ በመድፍ ቀጠለ። በከተማይቱ የነበረ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ስደተኛም ከባለአገሩ ጋር እንደ ገና ተሰደደ።

ምን እንማራለን?

አንዳንዱ ሰው ከዚህ ታሪክ «ሸፍቶ የገባ ወታደር አይታመንም» የሚል ትምህርት ያወጣል። እኔ ይህን አልቀበልም። ከ6,000ው ብዙው ለዓመታት በታማኝነት አገልግሏል፤ በአኮቦ የተገደለው ኮሎኔል የሞተው በአለቅነቱ ላይ ሳለ ነው። ሌላው ደግሞ ሁሉን በኒሜሪ ላይ ይጥላል። ኒሜሪ ውሉን በእጁ አፍርሷል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ውሉ ላይ ቀዳዳ ባይኖር አንድ ሰው ብቻውን አያፈርሰውም ነበር።

ቀዳዳው ስድስተኛው ዓመት ነው። አስታራቂዎቹ ስንት ሰው፥ በስንት ኮሚሽን፥ በየት ይስፈር የሚለውን አጣርተው ጻፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን ወታደር ማን ሊያዛውረው ይችላል? ከማን ፈቃድ ጋር? እምቢ ካለ ፍርዱን የሚያየው ማን ነው? ይህን በግልጽ አልቆረጡም። ምናልባት ያን ጊዜ ቢጠይቁት ሸንጎው ይፈርስ ነበር። ዝም ብለው ፈረሙ፤ ለዝምታቸውም አሥራ አንድ ዓመት ሰላም አተረፉ፥ ሃያ ሁለት ዓመት ጦርነት ከፈሉ።

ሁለተኛው ነገር፥ ወታደር የሚታረቀው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። መሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በሳምንት ይታረቃሉ። ተራው ወታደር ግን ጠመንጃውን ለቀድሞ ጠላቱ ሲያስረክብ ሕይወቱን አብሮ ያስረክባል። ስለዚህ ለእርሱ የውሉ ማስረጃ ፊርማው አይደለም፤ ደመወዙ በወሩ መከፈሉ፥ ማዕረጉ መከበሩ፥ ልጁ ባለበት መኖሩ ነው። ቦር የፈነዳው በሕገ መንግሥት ክርክር አይደለም፤ በተያዘ ደመወዝና በአንድ የዝውውር ትእዛዝ ነው።

በእኛም አገር ይህ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም የሚል ካለ የኋላውን አላየም። ከጣልያን ጋር አምስት ዓመት የተዋጋው አርበኛ በላይ ዘለቀ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በተሰጠው ሹመት ቅር ተሰኝቶ ከመንግሥት ተጣላ፤ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በተቃራኒው ሆነ፤ ሸማቂው ሠራዊት ሆነ፥ ሠራዊቱ ፈርሶ በየጎዳናው ወደቀ። አንዱ የገባውን ሳያረካ ቀረ፤ ሌላው የነበረውን ጠርጎ አወጣ። እኩል በእኩል የሚለውን እኛ ለጎረቤት መከርን እንጂ በቤታችን አልሞከርነውም።

ስደተኛ ሁሉ «አገር ሰላም ሆነ፥ ልንመለስ ነው» የሚል ወሬ በሬዲዮ ይሰማል። በ1972 ወደ ደቡብ ሱዳን የተመለሱት ሰዎች ያን ሰምተው ገብተዋል፤ መግባታቸውም ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን ሬዲዮኑ ማን ፈረመ የሚለውን ብቻ ይነግረናል። እኛ ደግሞ ሌላውን እንጠይቅ፤ ትናንት የተዋጋው ወታደር ዛሬ የት ይሠፍራል? ደመወዙን ማን ይከፍለዋል? በስድስተኛው ዓመትስ «ወደ ሰሜን ሂድ» ቢባል ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ መልስ ያገኘ ዕለት መመለሱ ያስተማምናል።